ገንዳው ሞልቶ ሊፈስ ነው፤ ውሃውን እንዴት ላውርደው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህን ይመስላል። ጠያቂያችን ግቢያቸው ውስጥ 8 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ በአማካይ 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው የመዋኛ ገንዳ አላቸው። ኮንክሪት ነው፣ ውስጡ ሴራሚክ ለብሷል። ማጣሪያው የአሸዋ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ዝናብ ጣለና ውሃው ከወትሮው 12 ሴንቲ ሜትር ከፍ አለ። አሁን ጠርዙን ሊያልፍ ጥቂት ቀርቶታል። «ወለሉ ላይ ያለውን ማፍሰሻ ከፍቼ ልልቀቀው? ወይስ የተሻለ መንገድ አለ? ከተነካካ አይቀር ጭራሽ ባዶ አድርጌ ልጠበው ብዬም አስቤያለሁ» ብለዋል።

ከመጨረሻው ልጀምር። ባዶ አያድርጉት። በተለይ ዝናብ በጠገበ መሬት ላይ ፈጽሞ አያድርጉት። 12 ሴንቲ ሜትሩን ግን በራስዎ ፓምፕ በሃያ ደቂቃ አካባቢ ማውረድ ይችላሉ።

የገንዳ ውሃ ማውረድ ከባድ ሥራ አይደለም። ውሃ ራሱ መውረድ ይወዳል። በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ ያየሁት ጉዳት አብዛኛው ውሃው አልወርድ ብሎ የመጣ አይደለም። በጊዜ የሚያቆመው ሰው ጠፍቶ ነው፤ ወይም ደግሞ የት እንደሚሄድ ሳይታሰብ ተለቆ።

ባዶ ማድረጉ ለምን ያስፈራኛል?

ገንዳውን መሬት ውስጥ እንደተቀበረ ጀልባ አድርገው ያስቡት። ሲሞላ ከባድ ነው። የእርስዎ ገንዳ ሲሞላ 48 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ 48 ቶን ማለት ነው። ይህ ሁሉ ክብደት ገንዳውን መሬት ላይ ተጭኖ ይይዘዋል። ውሃው ሲወጣ የሚቀረው ቅርፊቱ ብቻ ነው።

ቅርፊቱ ስንት ይመዝናል? ወለሉም ግድግዳውም 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው እንበል። ወለሉ 4.8 ሜትር ኩብ፣ አራቱ ግድግዳዎች ደግሞ 5.4 ሜትር ኩብ ያህል ኮንክሪት ይሆናሉ። አንድ ሜትር ኩብ የአርማታ ኮንክሪት ወደ 2.4 ቶን ይመዝናል። ሲደመር 24 ወይም 25 ቶን አካባቢ ነው።

አሁን ወደ መሬቱ እንሂድ። ሁለት ቀን የዘነበበት አፈር ውሃ ጠጥቷል። ያ ውሃ በገንዳው ዙሪያ ተጠራቅሞ ከወለሉ በላይ አንድ ሜትር ከደረሰ፣ ወለሉን ከስር ወደ ላይ ይገፋዋል። ግፊቱ በየካሬ ሜትሩ አንድ ቶን ነው። ወለሉ 32 ካሬ ሜትር ስለሆነ 32 ቶን ወደ ላይ ይገፋል ማለት ነው። ቅርፊቱ 25 ቶን፣ ግፊቱ 32 ቶን። ማን እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው።

ገንዳው ተንሳፈፈ የሚባለው ይህ ሲሆን ነው። አንዳንዴ ሙሉው ገንዳ ከመሬት ብድግ ይላል። አንዳንዴ ወለሉ መሃል ላይ ያብጥና ይሰነጠቃል። ቧንቧዎቹ ይቆረጣሉ፣ ዙሪያው ያለው ንጣፍ ይነሳል። አንዴ ከተነሳ ተመልሶ ቦታው ላይ አይቀመጥም፤ አፈሩ ከስሩ ገብቶ ይሞላዋላ።

የፋይበርግላስ ገንዳ ከዚህ ይብሳል፤ ቅርፊቱ እጅግ ቀላል ነው። በፕላስቲክ ልባስ የተሠራ ገንዳ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ልባሱን ግድግዳው ላይ ለጥጦ የሚይዘው የውሃው ክብደት ነው። ውሃው ሲወጣ ልባሱ ይላላል፣ ይኮማተራል። ያረጀ ከሆነ ውሃ ሲመለስበት ተለጥጦ ቦታው ሳይደርስ ይቀደዳል። እንዲህ ዓይነት ገንዳ ያላችሁ ሰዎች ጥልቀት በሌለው በኩል ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይቅር የሚለውን ልማድ አክብሩት።

አንዳንድ ገንዳ ወለሉ ላይ የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ አለው። የከርሰ ምድር ውሃ ከስር ሲገፋ ይከፈትና ውሃውን ወደ ገንዳው ያስገባል፣ ግፊቱ ይቀንሳል። ጥሩ ነገር ነው። እሱን ተማምኖ ገንዳ ባዶ ማድረግ ግን አልመክርም። ለዓመታት ያልተነካ ቫልቭ በጭቃና በካልሲየም ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው ደግሞ ካለቀ በኋላ ነው።

እንግዲህ ገንዳ በጭራሽ ባዶ አይደረግም ማለቴ አይደለም። ሴራሚክ ሲነሳ ወይም ስንጥቅ ሲጠገን ግድ ይላል። ያኔ ደረቅ ወቅት ይመረጣል። ከገንዳው አጠገብ ጉድጓድ ተቆፍሮ የከርሰ ምድር ውሃው የት እንዳለ ይታያል። ሥራው ፈጥኖ አልቆ ገንዳው ወዲያው ይሞላል። ለማጠብ ብቻ ተብሎ ግን አይደረግም።

መታጠቡ ካማረዎት ሌላ ሐሳብ አለኝ። ዝናቡ ወለሉ ላይ ጭቃና ደቃቅ አፈር ሳያወርድ አልቀረም። ለማንኛውም ወደ 4 ሺህ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ልታስወጡ ነው። ያ ውሃ ቆሻሻውን ይዞ ይውጣ! የወለል መጥረጊያውን ስኪመሩ (ግድግዳው ላይ ያለው የመሳቢያ አፍ) ላይ ያያይዙ፣ ፓምፑ ጠፍቶ እያለ የማጣሪያውን እጀታ ውሃውን በቀጥታ ወደ ውጭ ወደሚሰደው «ዌስት» ያዙሩ፣ ከዚያ ፓምፑን አስነስተው እየሳበ ወለሉን ቀስ እያሉ ይጥረጉ። ጭቃው አሸዋው ውስጥ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ውጭ ይሄዳል። ደቃቅ አፈር በማጣሪያ በኩል ካለፈ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ስለሚረጭ ይህ መንገድ በጣም ይሻላል። ጊዜው ሃያ ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ግን ከቆሻሻው ቦታ ይጀምሩ። ውሃው አረንጓዴ ሆኖብዎት ከሆነም መድኃኒቱ ክሎሪን፣ ብሩሽና ማጣሪያ ነው እንጂ ባዶ ማድረግ አይደለም።

የት ድረስ ይውረድ?

የውሃው ትክክለኛ ቦታ የሚታወቀው በስኪመሩ ነው። ስኪመር ማለት ግድግዳው ላይ ያለው፣ የሚንሳፈፈውን ቅጠልና ቆሻሻ የሚስበው አራት ማዕዘን አፍ ነው። ውሃው የዚህ አፍ ወገብ ላይ ሲሆን ሁሉም ነገር ልክ ነው። ትንሽ ዝቅ ቢልም አይጎዳም።

ውሃው አፉን ሙሉ በሙሉ ከዋጠው ውስጥ ያለችው ትንሽ በር መወዛወዟን ትተዋለች። ስኪመሩ ላይ ላዩን መግፈፉ ቀርቶ ከስር ከስር ይስባል፣ ቅጠሉም ገንዳው ላይ ሲንሳፈፍ ይውላል። ከዚያም ከፍ ካለ ውሃው ከጠርዙ ድንጋይ ስር ባለው መጋጠሚያ እየገባ ከገንዳው ጀርባ ያለውን አፈር ያረጥባል። ከላይ ያወራነውን የከርሰ ምድር ውሃ ራሳችን እየጨመርንበት ነው ማለት ነው።

ውሃው ከአፉ በታች ሲወርድ ደግሞ ፓምፑ አየር ይስባል። ደረቅ የሚሽከረከር ፓምፕ ይግላል። ውሃ እንዳያፈስ ዘንጉ ላይ ያለው ማሸጊያ ይቃጠልና ከዚያ በኋላ ፓምፑ ሲያንጠባጥብ ይኖራል።

ውሃው ከወገቡ ሁለት ሦስት ሴንቲ ብቻ ከፍ ያለ ቢሆን ኖሮ «ተዉት» እልዎት ነበር። በሞቃትና ነፋሻ ቀን ገንዳ በትነት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። የሚዋኝ ሰውም ውሃ ይዞ ይወጣል። በሳምንት ውስጥ ራሱ ይስተካከላል። 12 ሴንቲ ሜትር ግን አይጠበቅም።

ስንት ውሃ ነው፣ የትስ ይሂድ?

ሒሳቡ ቀላል ነው። ርዝመት በወርድ 32 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 320 ሊትር ነው። 12 ሴንቲ ሜትር ማለት 3,840 ሊትር፣ በክብደት አራት ቶን ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ይህን ያህል ውሃ በአንድ ቦታ ሲለቀቅ ትንሽ ጎርፍ ነው።

ስለዚህ ጎማውን ከመዘርጋትዎ በፊት ውሃው የሚያርፍበትን ቦታ ይምረጡ። ከገንዳው አጠገብ አይሁን፤ ዞሮ ከጀርባው ይገባል። የቤቱ መሠረት ሥርም አይሁን። ሴፕቲክ ታንክም አይሆንም፤ ታንኩ በአንዴ ሲጥለቀለቅ ዝቃጩ ተገፍቶ ይወጣል፣ ክሎሪኑም ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ወደ ጎረቤት ግቢ መልቀቅ ምን እንደሚያስከትል ለእርስዎ አልነግርም።

ቀጥሎ ክሎሪኑ አለ። ለዋና የሚመከረው ነፃ ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም ነው። ሰውን አይጎዳም። ዓሣን ግን የዚህ ትንሽ ክፋይ እንኳ ይገድላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ቦታ የገንዳ ውሃ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ዝናብ ውሃ ቦይ እንዳይለቀቅ ይከለከላል። ካልሆነም ክሎሪኑ በሊትር ከ0.1 ሚሊ ግራም በታች እንዲወርድ ይጠየቃል። ወደ ፍሳሽ መስመር ይሁን ወደ መሬት፣ የሚፈቀደው እንደየቦታው ይለያያልና ባሉበት አካባቢ የውሃና ፍሳሽ ክፍሉን ይጠይቁ።

ክሎሪኑን ማውረድ አያስቸግርም። መጨመሩን ይተዉና ገንዳውን ለፀሐይ ይክፈቱት። ከፀሐይ የሚጠብቀው ማረጋጊያ ያልገባበት ክሎሪን በጠራራ ፀሐይ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል። ማረጋጊያ ማለትም ሳያኑሪክ አሲድ ካለበት ግን ቀናት ይወስዳል። ከቸኮሉ ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚባለው ዱቄት ክሎሪኑን ወዲያው ያከሽፈዋል። በእርስዎ ሁኔታ ዝናቡም ስላቀጠነው ምናልባት ቀድሞውኑ ወርዶ ይሆናል። በመመርመሪያ ወረቀት ይዩት። ከወረደ ሣርና ዛፍ ቢጠጡት ችግር የለውም። የጨው ገንዳ ከሆነ ግን ሌላ ነው። እዚያ ውስጥ በሊትር 3 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ጨው አለ፤ ጨው ደግሞ እንደ ክሎሪን በፀሐይ አይጠፋም። አትክልት ላይ በፍጹም አያፍስሱት።

አሁን ወደ ሥራው

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። ገንዳዎ ውሃ ሲጎድል ራሱ የሚሞላ ተንሳፋፊ ያለው ከሆነ መስመሩን ይዝጉት። እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ፤ ሰውየው ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሲያፈስ ዋለ። ውሃው በአንድ በኩል ይወጣል፣ በሌላ በኩል ይገባል። ፓምፑ ታሟል ብሎ ነበር የጠራኝ።

ማሞቂያ ካለ ያጥፉ። ጨውን ወደ ክሎሪን የሚለውጥ መሣሪያ ካለም እንዲሁ። ፓምፑን በሰዓት የሚያስነሳውን ታይመር ወደ እጅ ያዙሩት። ከዚያ ስኪመሩ ወገብ ላይ ሴራሚኩ ላይ ፕላስተር ይለጥፉ። ይህ የማቆሚያ ምልክትዎ ነው። ውሃ ሲወርድ ዓይን ይሸወዳል፤ ምልክት ግን አይሸወድም።

ስለ «ወለሉ ማፍሰሻ» ያነሱትን እዚህ ላይ ልመልስ። ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። የመታጠቢያ ቤት ማፍሰሻ ዓይነት ያስመስለዋል። አብዛኛው የቤት ገንዳ ላይ ግን ያ ቀዳዳ ወደ ፍሳሽ አይሄድም። ወደ ፓምፑ የሚሄድ መሳቢያ ነው። ጠልቀው ክዳኑን ቢፈቱት የሚያገኙት የመሳቢያ ቧንቧውን አፍ ነው፤ ወይም ያ የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ ይጠብቅዎታል። ቫልቩን ከነቀሉት ውሃ መውጣቱ ቀርቶ ጭቃ ውሃ ከስር ሊገባ ይችላል። ክዳኑም ለጌጥ አልተቀመጠም። የፓምፕ መሳብ ፀጉርን ወይም የልጅን አካል ይዞ ውሃ ውስጥ ማስቀረት ይችላል። ክዳኑ የተሰበረበት ወይም የላላበት ገንዳ ውስጥ ማንም መግባት የለበትም፣ ፓምፑም መነሳት የለበትም። ስለዚህ እሱን አይንኩት።

እርስዎ የሚጠቀሙት ማጣሪያው ላይ ያለውን ባለ ብዙ አቅጣጫ ቫልቭ ነው። አብዛኞቹ ስድስት ቦታ አላቸው፦ ፊልተር፣ ባክዋሽ፣ ሪንስ፣ ዌስት፣ ሪሰርኩሌት እና ክሎዝድ። የሚፈልጉት ዌስትን ነው። እዚያ ላይ ውሃው አሸዋውን ሳይነካ ከፓምፑ በቀጥታ ወደ ማስወገጃው ይሄዳል።

ፓምፑን ያጥፉ። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ እጀታውን ከመንካትዎ በፊት ፓምፑን ያጥፉ። ቫልቩ ውስጥ እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጋ የላስቲክ ማሸጊያ አለ። ግፊት ባለበት ሰዓት እጀታው ሲዞር ማሸጊያው ይነሳል ወይም ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ እጀታው ፊልተር ላይ እያለ እንኳ ውሃ በማስወገጃው ጠብ ጠብ ይላል። ገንዳቸው ያለ ምክንያት ይጎድላል ብለው ስንጥቅ የሚፈልጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው እዚህ ነው።

ጎማውን ማስወገጃው ላይ ያስሩ። በክላምፕ ጥብቅ ያድርጉት። ጠፍጣፋ ጎማ ከሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘርጉት። ተጣጥፎ ከቀረ ውሃው መውጫ ያጣና ጎማው ከነክላምፑ ይወረወራል። እጀታውን ተጭነው ወደ ዌስት ያዙሩ፣ ቦታው ላይ መቀመጡን ያረጋግጡ፣ ከዚያ ፓምፑን ያስነሱ። ከማስነሳትዎ በፊት ገንዳው ውስጥ ሰው እንዳይኖር።

የቤት ፓምፕ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ሜትር ኩብ ቢያወጣ የተለመደ ነው። 12 የሚያወጣ ከሆነ የእርስዎ 3,840 ሊትር በ19 ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ እዚያው ይቁሙ። «ትንሽ ጉዳይ ጨርሼ ልምጣ» የሚባልበት ሰዓት አይደለም። ውሃው ፕላስተሩ ላይ ሲደርስ ፓምፑን ያጥፉ፣ እጀታውን ወደ ፊልተር ይመልሱ፣ እንደገና ያስነሱ። እጀታውን ዌስት ላይ ረስቶ መሄድ አደገኛ ነው። የማስወገጃው ጫፍ ከገንዳው ውሃ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ካለ ፓምፑ ቢጠፋም ውሃው በራሱ ክብደት መፍሰሱን ይቀጥላል።

የማጣሪያው የግፊት መለኪያ ከንጹሑ ጊዜ በ0.5 ባር ወይም ከዚያ በላይ ጨምሮ ከሆነ ደግሞ ዌስትን ከመክፈትዎ በፊት ባክዋሽ ያድርጉ። አሸዋው በተገላቢጦሽ ይታጠባል፣ የሚወጣውም ውሃ ከዚያው 12 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቀነሳል። መመልከቻ መስታወቷ ላይ ውሃው እስኪጠራ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ የቀረው ቆሻሻ እንዲወጣ ግማሽ ደቂቃ ሪንስ። በእያንዳንዱ መሃል ፓምፑ ይጠፋል፤ አልደገምኩትም ተብዬ እንዳልወቀስ።

ቫልቭ ለሌላቸው

ይህን የሚያነቡ ሁሉ የአሸዋ ማጣሪያ የላቸውም። የካርትሪጅ ማጣሪያ (በአሸዋ ፋንታ ተነቅሎ የሚታጠብ ጥቅል ያለው) ያለው ሰው ዌስት የሚባል ነገር አያገኝም። ለእነሱ ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ጎማ ብቻ ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው መንገድ ይህ ነው፤ ቀርፋፋ ነው፣ ግን መብራት አይፈልግም። ጎማውን ሙሉ በሙሉ ገንዳው ውስጥ ያጥልቁት። አረፋ መውጣቱን እስኪያቆም ይጠብቁ። አንዱን ጫፍ በአውራ ጣት ድፍን አድርገው ያውጡና ከገንዳው ውሃ ዝቅ ወዳለ ቦታ ይውሰዱት። ጣትዎን ሲያነሱ ይፈሳል። በአፍ መምጠጥ አያስፈልግም፣ ጤናማም አይደለም። ግቢው ሜዳ ከሆነና ዝቅ ያለ ቦታ ከሌለ ግን ይህ መንገድ አይሠራም።

ፍጥነቱ የሚወሰነው በከፍታ ልዩነቱ ነው። 10 ሜትር ርዝመትና 19 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ጎማ ጫፉ ከገንዳው ውሃ አንድ ሜትር ዝቅ ካለ በደቂቃ ወደ 20 ሊትር ያወጣል። የእርስዎን ያህል ውሃ ለማውረድ ከሦስት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ልዩነቱ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ሰባት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆጥራል።

ሦስት ሰዓት ቆሞ የሚጠብቅ ማን አለ? እዚህ ላይ አንዲት ዘዴ አለች። ገንዳው ውስጥ ያለውን የጎማ ጫፍ ወለል ድረስ አይልቀቁት። አፉ ልክ የማቆሚያው ምልክት ላይ እንዲሆን አድርገው ከመሰላሉ ጋር ይሰሩት። ውሃው እዚያ ሲደርስ ጎማው አየር ይስብና ፍሰቱ በራሱ ይቋረጣል። ተኝተው ቢያድሩም ገንዳው ከዚያ በታች አይወርድም። ይህን ሳያደርግ ጎማውን ጥልቁ ውስጥ ጥሎ የሄደ ሰው ጠዋት ግማሽ ገንዳ አጥቶ አግኝቻለሁ።

ሁለተኛው መንገድ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ ነው። ፈጣን ነው። ኤሌክትሪክና ውሃ ስለተገናኙ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሶኬቱ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር ወዲያው የሚቆርጥ፣ 30 ሚሊ አምፔር ወይም ከዚያ በታች የሆነ መከላከያ ብሬከር ሊኖረው ይገባል። የማራዘሚያ ገመዱ መጋጠሚያ ከውሃ ርቆ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ፓምፑ ውስጥ እያለ ማንም አይግባ። ማውጣት ሲፈልጉ ቀድመው ከሶኬት ይንቀሉት፣ የሚጎትቱትም በገመድ ነው እንጂ በመብራት ሽቦው አይደለም። እዚህም ያው ጎማ ያው ጣጣ ነው። ፓምፑ ቢጠፋም የጎማው ጫፍ ዝቅ ካለ ውሃው መፍሰሱን ላያቆም ይችላል። ሲጨርሱ ጎማውን ከፍ አድርገው አየር ያስገቡበት።

ለጥገና ብለው ከዚህም በታች የሚያወርዱ ሰዎች ሁለት ነገር አይርሱ። ውሃው ከስኪመሩ በታች ሊሄድ ከሆነ የስኪመሩን መስመር ዘግተው ፓምፑ በወለሉ መሳቢያ ብቻ እንዲስብ ያድርጉ። የገንዳውን መብራት ደግሞ ከብሬከሩ ያጥፉ። የቆዩት የገንዳ አምፖሎች የሚቀዘቅዙት በዙሪያቸው ባለው ውሃ ነው። አየር ላይ ከበሩ ይግላሉ፣ ይሰነጠቃሉ።

ከወረደ በኋላ

ውሃውን ማውረድ ኬሚካሉን አያስተካክልም። ዝናቡ ክሎሪኑንም አልካሊኒቲውንም (ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዘውን የውሃውን አቅም) አቅጥኗል፤ እርስዎ ያወጡት ደግሞ ይኸው የቀጠነውን ውሃ ነው። የቀረው አሁንም ቀጭን ነው። ፓምፑን ጥቂት ሰዓት አሠርተው ውሃው በደንብ ከተቀላቀለ በኋላ ይለኩ። ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.8፣ አልካሊኒቲ በሊትር ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም፣ ክሎሪን ያልኩት ከ1 እስከ 3። መጀመሪያ አልካሊኒቲውን ያስተካክሉ፤ ፒኤቹ እሱን ይከተላል። ያጠፉትን ማሞቂያም ሆነ የውሃ መሙያ መስመር መመለስዎን አይርሱ።

አንድ ነገር ግን ጥያቄዎን ካነበብኩ ጀምሮ እየከነከነኝ ነው። ገንዳ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ዝናብ ቢወርድ ውሃው የሚጨምረው 1 ሴንቲ ሜትር ነው። የገንዳው ስፋት ምንም ለውጥ አያመጣም። የእርስዎ 12 ሴንቲ ሜትር ጨምሯል። ከሰማይ የወረደው ብቻ ከሆነ 120 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው፤ በሁለት ቀን ሊሆን ይችላል፣ ግን ብዙ ነው። እኔ የምጠረጥረው ከጣሪያው ወይም ከንጣፉ ወደ ገንዳው የሚገባ ውሃ መኖሩን ነው። በቀጣዩ ዝናብ ቀጥ ያለ ጎን ያለው ባልዲ ገንዳው አጠገብ ገላጣ ቦታ ላይ ያስቀምጡ፣ ሴራሚኩ ላይም ውሃው ያለበትን ምልክት ያድርጉ። ባልዲው 4 ሴንቲ ይዞ ገንዳው 12 ከጨመረ ጣሪያው አሸንዳ ላይ ይውጡ፣ ንጣፉም ወደየት እንደሚያዘነብል በውሃ ልክ ይዩት። ባልዲውና ገንዳው እኩል ከጨመሩ አሸንዳውን ይተዉት። ያኔ የሚያስፈልገው ከስኪመሩ አፍ በላይ አንድ የትርፍ ውሃ መውጫ ቧንቧ ማስገባት ነው።